ከሐራጅ በኋላ የሚቀረው መብት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ዕዳና ስለ ሐራጅ መናገር ለአንዳንዱ አድማጭ ያለቦታው የገባ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሕንፃ ከብረትና ከሲሚንቶ ሌላ በብድር ገንዘብ ጭምር እንደሚቆም የማያውቅ ተቋራጭ የለም። ባለሕንፃው ብድሩን መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ባንክ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሕንፃው ለሐራጅ ይወጣል፤ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን የመሬት ቅየሳውን የሠራው፣ የመዋቅሩን ስሌት ያዘጋጀው፣ ሲሚንቶውን ያቀረበውና ግድግዳውን ያቆመው ሰው ያልተከፈለ ሒሳቡን ይዞ የት ላይ ይቆማል? ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው መልሱ ከማይጠቅምበት ቀን በኋላ በመሆኑ፣ ቀኑ ሳይደርስ መነጋገሩ የተሻለ ነው።

ለዚህ ንግግር በምሳሌነት የተመረጠው በአሜሪካን አገር የሚኒሶታ ግዛት ሕግ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከዚህም በላይ የዚያ ግዛት ሕግ ከሐራጅ በኋላ ለባለገንዘቦች የሰጠው መብት ተራው በግልጽ የተደነገገ ስለሆነ ለማስረዳት ይመቻል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ በስሙ ከሚነሣው አንድ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአገራችን አንድ ሰው ያስያዘውን ዕቃ ዕዳውን ከፍሎ ሲወስድ «መያዣውን አስለቀቀ» ይባላል። እዚህም የተመረጠው ይኸው «ማስለቀቅ» የሚለው ቃል ነው፤ ተከራይን ከቤት ማስወጣት ከሚለው ሌላው ትርጉሙ ጋር እንዳይምታታ ብቻ ጥንቃቄ ያሻል። አሳቡ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በወለድ አግድ መሬቱን የሰጠ ሰው ዋናውን ገንዘብ በመለሰ ጊዜ መሬቱን ይረከብ ነበር። ከዚያም አልፎ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ላይ፣ በቅጥር በተከበበ ከተማ ውስጥ ያለ ቤት የተሸጠበት ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊቤዠው እንደሚችል፣ ዓመቱ ካለፈ ግን ቤቱ ለገዢው እንደሚጸና ተደንግጓል። የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ አውጪዎች አያሌ መቶ ዓመታት ቆይተው ያንኑ አንድ ዓመት ለብዙ ሽያጮች መምረጣቸው የሚያስገርም ነው።

ማስለቀቅ በሁለት ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው ከሐራጅ በፊት የሚደረገው ሲሆን፣ ባለዕዳው ዕዳውን ከፍሎ ሽያጩን የሚያስቀርበት ነው። ሁለተኛው፣ የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ የሆነው፣ ሽያጩ ከተፈጸመ በኋላ ገዢው የከፈለውን ዋጋ ከነወለዱ መልሶ ንብረቱን ከእጁ መውሰድ ነው። ይህን ሁለተኛውን መብት ለባለዕዳው ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ባለገንዘቦችም መስጠት የቆየ ነገር ነው። የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት በ1837 ከደረሰው የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ በ1841 ባወጣው ሕግ ለባለዕዳው 12 ወር፣ ለባለገንዘቦች ደግሞ ከዚያ በላይ ሦስት ወር ሰጥቶ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1843 ብሮንሰን እና ኪንዚ በተባሉት ተከራካሪዎች ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ሕጉ ቀደም ሲል በተደረጉ የመያዣ ውሎች ላይ ሊሠራ አይችልም ብሎ ወሰነ፤ ውል ከተፈረመ በኋላ የተወለደ ሕግ የውሉን ዋጋ ሊቀንስ አይገባም የሚል ነበር ምክንያቱ። መብቱ ራሱ ግን አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ የተደረገን ውል በሚመለከት ግዛቶች እንደየፍላጎታቸው ሲደነግጉት ኖረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአንድ ሕንፃ ላይ የመያዣ መብት ያላቸው ባለገንዘቦች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንደ ቀዳሚነታቸውም በተራ ይሰለፋሉ። ቀዳሚው ባለገንዘብ ሕንፃውን በፍርድ ሲያስሸጥ፣ በክርክሩ ውስጥ የገቡት የተከታዮቹ መያዣዎች ከንብረቱ ላይ የሚነሡበት ጉዞ ይጀመራል። ባለገንዘብነታቸው አይጠፋም፤ ባለዕዳውን «ገንዘቤን ክፈለኝ» የማለት መብት ይኖራቸዋል። ነገር ግን ሕንፃውን በሐራጅ ያጣ ሰው በኪሱ ምን እንደሚቀረው ለማንም ስውር አይደለም። ስለዚህ ሕጉ ለተከታዮቹ አንድ በር ከፍቶላቸዋል፤ ይኸውም በተራቸው መጥተው ገዢው የከፈለውን ከፍለው ንብረቱን እንዲወስዱ ነው።

በሚኒሶታ ሸሪፉ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሕንፃውን ከሸጠ በኋላ ለፍርድ ቤቱ መግለጫ ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም ሽያጩን ያጸድቃል። ጽድቁ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ የባለሕንፃው ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። እሱም በአብዛኛው ስድስት ወር ነው፤ በአንዳንድ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ዕዳው ከመጀመሪያው ብድር ከሁለት ሦስተኛ በታች ወርዶ እንደሆነ፣ አሥራ ሁለት ወር ይሆናል። ባለሕንፃው በዚህ ጊዜ ውስጥ ከፍሎ ካስለቀቀ ሽያጩ እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ የተከታዮቹም መያዣ ባለበት ይቆያል። ባለሕንፃው ሳያስለቅቅ ጊዜው ካለፈ ግን ተራው የባለገንዘቦቹ ነው። ከሸጠው መያዣ ቀጥሎ ያለው ባለገንዘብ ሰባት ቀን አለው። ከእርሱ በኋላ ያለው ሌላ ሰባት ቀን፤ ከዚያም የሚከተለው እንዲሁ። የባለሕንፃው ስድስት ወር ሲሆን የእያንዳንዱ ባለገንዘብ አንድ ሳምንት ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ለአብነት ያህል ገበያው 500 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሕንፃ አለ እንበል። ባንኩ የሚጠይቀው 320 ሺህ ዶላር ነው፤ በሐራጁም ሌላ ተጫራች ስላልቀረበ ራሱ በዚያው በ320 ሺህ ገዛው። ሁለተኛ አበዳሪ 60 ሺህ፣ በሦስተኛ ደረጃ ያለ ተቋራጭ ደግሞ 45 ሺህ ዶላር ይፈልጋሉ። ለማቃለል ወለዱንና ወጪውን እንተወው። ባለሕንፃው በጊዜው ሳያስለቅቅ ቀረ።

ሁለተኛው አበዳሪ በሰባት ቀኑ ውስጥ 320 ሺህ ከፍሎ ሕንፃውን ወሰደ ቢባል፣ ተቋራጩ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስለቅቅ የሚችለው 320 ሺሁንና የአበዳሪውን 60 ሺህ ደምሮ 380 ሺህ በመክፈል ነው። የራሱን 45 ሺህ ቢጨምርበት ሕንፃው በ425 ሺህ ገባለት ማለት ነው። ሁለተኛው አበዳሪም የሰጠውንና የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቶ ይወጣል። ሁለተኛው ተኝቶ ሰባት ቀኑን ቢያሳልፍ ግን መያዣው ይወድቃል፤ ተቋራጩ በ320 ሺህ ብቻ ያስለቅቃል፤ የራሱን ሲደምር 365 ሺህ ይሆናል። ሁለቱም ተኝተው ቢቀሩ ደግሞ ባንኩ የ500 ሺሁን ሕንፃ በ320 ሺህ ወስዶ ይቀራል፤ የሚጠይቀውም የለም።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው የሕጉ ብልሃት ነው። ባንኩ በሐራጁ ዋጋውን አሳንሶ፣ 250 ሺህ ብቻ ብሎ ቢገዛ ኖሮ ማንኛውም ተከታይ በ250 ሺህ ሊያስለቅቅበት ይችል ነበር። ስለዚህ ዕዳውን የሚያህል ዋጋ ማቅረብ ለባንኩ ለራሱ ይጠቅመዋል፤ ተከታዮቹ ባለገንዘቦች በሐራጁ ቦታ ሳይገኙ የዋጋውን ሚዛን ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ግን የሚያሳዝነው ገጽታ ነው። ያስለቀቀው ሰው በሕንፃውና በዕዳው መካከል ያለውን ልዩነት ለራሱ ያስቀራል፤ ባለሕንፃው አንድም ሳንቲም አያገኝም። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ነጋዴዎች ከተራው መጨረሻ ያለን አነስተኛ መያዣ በርካሽ ገዝተው በእርሱ አማካይነት ትልቅ ሕንፃ ለመውሰድ ይሰለፋሉ። ሕጉ ይህን አይከለክልም። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፌታቸውም ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ቢሆንም በአንድ በኩል ጠቃሚ መሆኑ መካድ የለበትም፤ ምክንያቱም 380 ሺህ ዶላር በሰባት ቀን ውስጥ ሊያቀርብ የሚችል ትንሽ ተቋራጭ ብዙ አይደለም። ገንዘቡ ከሌለው የተራውን ቦታ ገንዘብ ላለው ሰው በጊዜ ሸጦ 45 ሺሁን ወይም አብዛኛውን ሊያገኝ ይችላል። በየትኛውም ሁኔታ ተራው ዋጋ የሚኖረው ቀኑ ሳያልፍ ነው።

መብቱ ግን ለማንም ዝም ብሎ አይደርስም። ብዙዎችም የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በሚኒሶታ ሕግ ተከታዩ ባለገንዘብ የባለሕንፃው የማስለቀቂያ ጊዜ ከማለቁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ ለማስለቀቅ ማሰቡን የሚገልጽ ማስታወቂያ በካውንቲው የንብረት መዝገብ ማስገባት አለበት። መያዣውን የፈጠሩትንና የእርሱ መሆኑን የሚያስረዱትን ሰነዶች ሁሉ፣ ፍርድ ካለም የፍርዱን ግልባጭ፣ እንዲሁ ያስመዘግባል። ከዚያም የእነዚህን ሁሉ ግልባጭ ሐራጁን ላካሄደው ሸሪፍ ያደርሳል። ሲያስለቅቅም ምን ያህል እንደሚፈልግ በቃለ መሐላ ያረጋግጣል። ይህን ሳያደርግ ሰባት ቀኑ የሚጀምርበትን ዕለት የሚጠብቅ ሰው፣ ገንዘቡን በቦርሳ ይዞ ቢመጣ እንኳ የሚከፈትለት በር የለም። ተራው ከመድረሱ በፊት ባለው ሳምንት መብቱ ተዘግቷልና።

በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ ይህ ከኮንክሪት ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ ብረቱ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ካልታሰረ በኋላ ሊታሰር አይችልም።

ይሁንና ከማስታወቂያውም በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም መሐንዲሱ ወይም ተቋራጩ በመጀመሪያ መያዣ አለው ወይ የሚለው ነው። የሚኒሶታ ሕግ ለሕንፃ ሥራ ጉልበት፣ ሙያ ወይም ዕቃ ላቀረበ ሰው፣ የምህንድስናና የቅየሳ አገልግሎት የሰጠውንም ጨምሮ፣ በንብረቱ ላይ መያዣ ይሰጠዋል። መያዣው እንዳይጠፋ ግን የመጨረሻው ሥራ ወይም ዕቃ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ በ120 ቀን ውስጥ የመያዣ መግለጫው መመዝገብ አለበት፤ ክሱም በአንድ ዓመት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል። ከባለሕንፃው ጋር በቀጥታ ያልተዋዋለ ንዑስ ተቋራጭ ደግሞ፣ ሕጉ ነፃ ካደረጋቸው ሥራዎች በቀር፣ ሥራ ከጀመረ በ45 ቀን ውስጥ ለባለሕንፃው በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀዳሚነት ነገር ነው። የሠሪዎች መያዣ ከባንኩ መያዣ ይቀድም ወይስ ይከተል የሚወሰነው በመሬቱ ላይ በዐይን የሚታይ ሥራ በተጀመረበት ቀን ነው። ቁፋሮው የባንኩ መያዣ ከመመዝገቡ በፊት ተጀምሮ እንደሆነ ሠሪው ቀዳሚ ይሆናል፤ ባንኩ የሚያስሸጠው ሐራጅም አይነካውም። ተከታይ ከሆነ ግን ከላይ የተዘረዘረው የቀናት ሰልፍ ሁሉ ይመለከተዋል። እዚህ ላይ ለዚህ ጉባኤ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ አንቀጽ አለ። ቅየሳ፣ የአፈር ምርመራ፣ የምህንድስና ሥራ፣ ለዐይን የሚታይ የችካል ተከላም ቢሆን፣ እንደ ሥራ መጀመር አይቆጠርም ይላል ሕጉ። ችካሉ ተተክሎ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ናሙና ተወስዶ፣ ንድፉ ተጠናቆ ሳለ ባንኩ መያዣውን ቢያስመዘግብ፣ ከሁሉ በፊት በቦታው የተገኘው መሐንዲስ ከባንኩ በኋላ ይሰለፋል። ለሙያው ክብር ሲታይ ይህ ቅር ያሰኛል። በሌላ በኩል ግን አበዳሪው ወደ ቦታው ሄዶ በዐይኑ አይቶ እርግጠኛ እንዲሆን የሚያስችል መስመር አስፈላጊ ነው፤ አንድ ችካል ግን ለዚያ ደካማ ምስክር ነው። ዋናው ነገር መሐንዲሱ በአብዛኛው ተከታይ ባለገንዘብ መሆኑን ከውሉ ፊርማ ቀን ጀምሮ ማወቁ ነው። ይህን ካወቀ ደግሞ የማስለቀቅ መብት ለእርሱ የሩቅ የጠበቆች ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

ሌሎች ግዛቶች ነገሩን በሌላ መንገድ አስበውታል። በአዮዋ ለባለዕዳው አንድ ዓመት ሲሰጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለእርሱ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ባለገንዘቦች ያስለቅቃሉ፤ ባለዕዳውም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በሩ አይዘጋበትም። በኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በኦሮራ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት፣ ከ2008 መጀመሪያ ወዲህ ባለቤቱ ከሐራጅ በኋላ የማስለቀቅ መብት የለውም፤ መብቱ የቀረው ለተከታዮቹ ባለገንዘቦች ብቻ ሲሆን፣ እሱም በወራት መቆጠሩ ቀርቶ በሥራ ቀናት ይቆጠራል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በፍርድ አፈጻጸም ለሚደረግ ሽያጭ በ1983 በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ከሐራጅ በኋላ የነበረውን መብት ሰርዞ፣ በምትኩ ከሐራጁ በፊት 120 ቀን መጠበቂያ አደረገ።

የካሊፎርኒያው አካሄድ በአገራችን ላለው ቅርብ ነው። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ ይህም የባለዕዳውን የመተንፈሻ ጊዜ ከሐራጁ በፊት ያደርገዋል። ለዚህ አቋም ጥሩ ምክንያት አለ። ከስድስት ወር በኋላ ሊወሰድበት የሚችል ሕንፃ ለመግዛት ሙሉ ዋጋ የሚያቀርብ ተጫራች ማግኘት ያስቸግራል፤ ሰው በእጁ ሊጸና የማይችለውን ነገር በውድ አይገዛም። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር የሚጸናው ሌሎች ተጫራቾች በእርግጥ በሚመጡበት ሐራጅ ላይ ነው። ባንኩ ብቻውን ቆሞ ለራሱ በሚሸጥበት ቦታ፣ ተጫራች ይሸሻል ማለት የሌለ ሰው ይሸሻል እንደማለት ነው። በእንዲህ ያለው ሐራጅ ተከታዩን ባለገንዘብ ከሐራጁ በኋላ ማሰናበት ብቸኛውን ተቆጣጣሪ ማሰናበት ይሆናል። በዚህ ረገድ የኮሎራዶ መንገድ፣ ጊዜውን አሳጥሮ ተከታዮቹን ማስቀረቱ፣ ለባለቤቱ የጨከነ ቢሆንም ለተቋራጩ የተሻለ ነው።

የጊዜው ርዝመት ሁልጊዜ የሚመዘነው በተራ ቀናት ሳይሆን በመከራ ቀናት ጭምር ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1933 የሚኒሶታ ምክር ቤት ፍርድ ቤቶች የማስለቀቂያውን ጊዜ እስከ ሜይ 1 ቀን 1935 ድረስ እንዲያራዝሙ ፈቀደ። በሚኒያፖሊስ የሚገኝ፣ በ1932 በሐራጅ በ3,700 ዶላር ከ98 ሳንቲም የተሸጠ ቤት ባለቤት በዚሁ ሕግ ሲጠቀም፣ ፍርድ ቤቱ በየወሩ 40 ዶላር እንዲከፍል አዘዘው። ገዢው የብድር ማኅበር ተቃውሞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1934 አምስት ዳኞች በአራት ላይ አሸንፈው ሕጉ ጸና። በ1843 ከተሰጠው ፍርድ ጋር ይጋጫል ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች አልበረደም። ባለገንዘቦችን በሚመለከት ግን ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ የእነርሱ ተራ ከባለቤቱ ቀጥሎ የሚቆጠር በመሆኑ፣ የባለቤቱ ጊዜ በተገፋ ቁጥር የእነርሱም አብሮ ተገፋ።

የቀረው አንድ ጉዳይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ባለገንዘብ ነው፤ እሱም የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ባለሕንፃው የፌዴራል ግብር ዕዳ ኖሮበት መንግሥት በሕንፃው ላይ ተከታይ መያዣ ካለው፣ በፍርድ በሚደረገው ሽያጭ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ 120 ቀን፣ ወይም የግዛቱ ሕግ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ከሰጠ እሱን ያህል፣ የማስለቀቅ መብት አለው። የግብር ባልሆነ ዕዳ የተያዘ ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ አንድ ዓመት ነው። መንግሥት ሲያስለቅቅ የሚከፍለው የሽያጩን ዋጋ፣ በዓመት ስድስት በመቶ ወለድና ንብረቱን ለመጠበቅ ከገቢው በላይ የወጣውን ወጪ ነው። ለማሻሻያና ለማስዋቢያ የወጣ ገንዘብ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ በሰልፉ አሸንፎ ሕንፃውን የተረከበ ተቋራጭ፣ የመንግሥት መያዣ በመዝገቡ ላይ መኖር አለመኖሩን ሳያጣራ፣ ካለም ጊዜው ሳያልፍ፣ ወለሉን ማንሣት፣ ግድግዳ ማፍረስ ወይም አዲስ ሊፍት ማስገባት አይገባውም፤ ጣራው የሚያፈስ ከሆነ ግን ማስጠገኑ ንብረቱን ከመጠበቅ ስለሚቆጠር ደረሰኙን ይያዝ።